ሜትሬ ያላየው መጨረሻ

ጨርቅ ቆራጩን የስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ «ሜትሬ» ይለዋል። የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አንድ እሁድ እንዳንጠለጠለው ጸሎት ሊያደርስ ገብቶ፣ ከኋላው ያሉት ሲሳሳቁ ነው የባነነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ሠላሳውን ዓመት የቆመው አንድ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ፣ የነርስ ጋውንና የተማሪ ዩኒፎርም ሲቆርጥ ነው። አርባ ድርብርብ ጨርቅ በኤሌክትሪክ መቁረጫው ሲከፍል እጁ ንቅንቅ አይልም። ፊልም ሲያይ ግን የሕፃን ልብ ነው ያለው።

በስፌት ቤቱ የሰኞ ምሳ ሰዓት የፊልም ሰዓት ነው። ማንም አልወሰነውም፤ እንዲሁ ተለመደ። ቁርጥራጩ ጨርቅ ወደ ጥግ ይገፋል፣ ምሳ ዕቃዎች በጠረጴዛው ጫፍ ይደረደራሉ፣ ከዚያ ሁሉም ቅዳሜና እሁድ ያየውን ያወራል። ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ለእያንዳንዱ ፊልም ማርክ ስለሚሰጥ «ዳኛው» የሚል ስም ወጥቶለታል።

«ሰባት ከአሥር» ይላል አፉ ሙሉ ምግብ እንደያዘ። «ሁለቱን የቀነስኩት ሰውዬው ሦስት ቀን በረሃ ለበረሃ ተንከራቶ ሸሚዙ ስላልተጨማደደ ነው።»

«አንዱንስ?»

«አንዱን ለዘፈኑ። ጆሮዬን በላኝ እኮ!»

ሜትሬ ማርክ አይሰጥም፤ ይተርካል። ሲተርክ ማንኪያ ሁሉ ይቆማል። የእሱ ፊልሞች ሁልጊዜ በደግ ያልቃሉ፦ የጠፋው ይገኛል፣ የታመመው ይነሣል። ይህ ለምን እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ ጠይቆት አያውቅም።

እውነቱ ግን ሜትሬ የፊልም መጨረሻ ካየ ዘመን የለውም። በወጣትነቱ መጀመሪያ ባየው ፊልም መጨረሻው ላይ ፈረሱ ሞተ፤ እሱም ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ዝግ ብሎ አንዱ ማሳል ሲጀምር ብድግ ይላል። ፊልም ውስጥ በከንቱ የሚያስል ሰው እንደሌለ ያውቃል። ሚስቱ ቁጭ ብላ ትጨርሰዋለች። እሱ ከመኝታ ቤቱ በር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

«ደኅና ናቸው?» ይላታል።

«ደኅና ናቸው፤ ተኛ።»

ሁልጊዜ ደኅና ናቸው። ጋደም ብሎም መጨረሻውን በልቡ ይሠራዋል፤ ሰኞ ያንኑ ይናገራል። ውሸት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም። ለሰዎቹ መልካም የተመኘ ነው የሚመስለው።

አንድ ሰኞ የልብስ አጣቢዋን ፊልም ተረከ። ልጇ በአንድ ክፉ ቃል ተቀይሞ ከቤት ወጥቷል። እናት የልጇን ካፖርት በየዓመቱ እያጠበች፣ እየተኮሰች፣ የሱቋ መስኮት ላይ ሰቅላ ዘጠኝ ዓመት ትጠብቃለች። በመጨረሻ አልጋ ላይ ትወድቃለች፤ ስልኩ ራስጌዋ ነው። ሜትሬ ተነሥቶ የሄደው እዚህ ላይ ነበር። ለጓደኞቹ ግን ቀጠለ፤ እናትየው ራሷ ደወለች፣ ልጇም ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ዘጠኝ!» አለ ዳኛው ፊልሙን ሳያየው።

ኮሌታ ግን ማኘክ አቆመች። ኮሌታ የሚሏት ኮሌታ ስለምትሰፋ ነው፤ ቁጥብ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የደወለችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«አላፈረችም?»

«አፈረች እንጂ። ግን ደወለች።»

የኮሌታን ነገር ሁሉም ያውቃል። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታናሽ ወንድም አላት። ንዴት ቀድሟት አንድ ክፉ ቃል ተናገረችው፤ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዓርብ ወደ ማምሻው ክር እየጠቀለለች ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ያንን ፊልም ነገ አየዋለሁ። ከዚያ ለወንድሜ እደውላለሁ። ልጁ ሲመጣ በዓይኔ ካየሁ ድፍረት ይሰጠኛል።»

ሜትሬ መቁረጫውን አጠፋ። ልጁ ካልመጣስ? ይህች ሴት ስልኩን ዳግም አታነሣም። «እህቴ...» ሲላት እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ቤቱ እንደገባ ሚስቱን ያዛት።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ያ ልጅ መጣ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ‹ደኅና ናቸው› ስልህ ኖርኩ» አለች ሚስቱ፣ የምታጥፈውን አንሶላ ጫፍ እያስያዘችው። «ይሄንን ግን ራስህ እየው፣ የኔ ጌታ።»

አላየውም። ጸለየ፤ እየጸለየም የሚጸልየው እውነቱን የመናገሩን ሥራ ለፈጣሪ ጥሎ ለመሸሽ እንደሆነ ገባው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አፈረ፣ ግን ለኮሌታ ሊደውል ስልኩን አነሣ። መስመሩ ተይዟል። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፤ ተይዟል። ሦስተኛም ሞከረ፤ ያው ነው።

ሰኞ ምሳ ዕቃው ከመከፈቱ በፊት ቆመ።

«አንድ ነገር ልናገር። የፊልሞቹን መጨረሻ አላይም። የምነግራችሁ ከራሴ ነው። ኮሌታ፣ ይቅር በዪኝ፤ ቅዳሜ ልነግርሽ ብደውል መስመሩ ተይዞ ነበር። ልጁ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።»

«አልመጣም» አለች ኮሌታ።

ዳኛው ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሰጠሁትን ዘጠኝ መልስ!»

ማንም አልሳቀም። ኮሌታ ናት የቀጠለችው።

«መጀመሪያ ተናደድኩብህ፣ ጋሼ። ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልደወለችም። ካፖርት ነው ስትተኩስ የኖረችው። እሷ ሳትደውል ቀረች፣ እኔ ለምን እቀራለሁ? አልኩና ደወልኩ።»

«እና?»

«አነሣ። ‹እህቴ?› አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ዝም ብለን ግን አንዳችንም አልዘጋንም። አንተ ስትደውል መስመሩ የተያዘው ለዚያ ነው። የፊታችን እሁድ እመጣለሁ ብሏል። ይምጣ አይምጣ እግዜር ያውቃል፤ ድምፁን ግን ሰማሁት።»

ሜትሬ ከአንገቱ ሜትሩን አወረደ፤ ለምን እንዳወረደው እሱም አያውቅም። «ተመስገን» አለ በለሆሳስ።

«በቀላሉ የምለቅህ እንዳይመስልህ» አለች ኮሌታ። ስልኳን ከክር ማጠንጠኛው ጋር አስደግፋ አቆመችና የፊልሙን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ከፈተችው። አሮጊቷ አሳለች። ሜትሬ ብድግ ሊል ሲል ዳኛው ትከሻውን ጫን አደረገው።

«ተቀመጥ፣ ጋሼ። አሁን ቁረጥ ያለህ የለም።»

ተቀመጠ። አሮጊቷ አልሞተችም። ከአልጋዋ ተነሥታ ሱቋን ከፈተች። ውጭ ዝናብ ነው። አንድ የማታውቀው ወጣት ከሱቁ ጥላ ሥር ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ብዙ አየችው፤ ከዚያ ካፖርቱን ከመስኮቱ አውርዳ አለበሰችው። እጅጌው ጣቶቹን ሲውጣቸው በፊልሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ አለቀ።

«ትከሻው ሰፍቶታል» አለ ሜትሬ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ሁለት ሴንቲ ቢገባ ልክ ይሆነው ነበር።»

የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ይህን ያህል ሰው እንደሚደክምበት አያውቅም ነበርና የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ከቦታው አልተነሣም።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ፊልሙን ማየት አለማየቱን አልጠየቀችውም። ፊቱን አየት አድርጋ፣

«ደኅና ናቸው?» አለችው ብቻ።

ሜትሬ ጫማውን አወለቀ።

«ልጁ አልመጣም» አላት። «እሷ ግን ደኅና ናት። ነይ ተቀመጪ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።»