የእናቷ ጉንጭ

ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት፣ ዐረብኛ በሚነገርባት የስደት ከተማዬ በባሕሪ ውስጥ ፎቶ የማትምባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። አርብ አርብ በሰው ትሞላለች፤ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩት የወሎ ሴቶች የሚያርፉት ያን ቀን ነውና። እኔ ጫጫታ አልወድም። "ተራ ያዙ!" እያልኩ ስጮህ ይስቁብኛል።

አንድ አርብ ጠና ያለች ሴት ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"የእናቴ ሱራ፣ ፎቶዋ ናት። ሞተችብኝ፤ አልቀበርኳትም። ሌላ ፎቶ የላትም። አሳምረህ አትምልኝ፣ ወንድሜ።"

አንጀቴን በላችው። ምስሉ ግን ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፤ ፊቷን ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ሸፍኖታል።

"አትስጊ፣ እታለም" አልኳት። ኮምፒዩተሩ የምስሉን እያንዳንዷን ነጥብ በዙሪያዋ ካሉት ጎረቤቶቿ ጋር ከጥቁሩ እስከ ነጩ በተራ ያሰልፍና መሃል የቆመውን ቀለም ይሰጣታል። አማካዩን ብንወስድ እድፉን ለሁሉም ማካፈል ይሆናል፤ መሃለኛው ግን ጫፍ ላይ የቆመውን እድፍ ጥሎት ያልፋል።

በጠባቡ ጀመርኩ፣ የቅርብ ጎረቤቶችን ብቻ። ነጠብጣቡ ለቀቀና የእናትየው ፊት ብቅ አለ። ጉንጮቿን ፈንጣጣ ቦርቡሯቸዋል።

"እነዚህንስ አያጠፋም?" አለች ጠባሳዎቹን እያሳየችኝ። "ዕድሜዋን ሙሉ ስታፍርባቸው ኖረች። ሰርግ ቤት እንኳ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። አሁን እንኳ ትረፍ።"

የመጀመሪያውን አስቀምጬ በሰፊው ሞከርኩ፤ ብዙ ጎረቤት በአንድ ላይ። ጠባሳው ጠፋ፣ ጉንጩ ለሰለሰ።

"ወላሂ፣ ሙሽራ ሆነች!" ብላ በሳቅ ፈነዳች። እኔም በሙያዬ ኮራ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሳቋ ቆመ። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ሰደደችና ጉንጩ ላይ አንድ ቦታ ፈለገች። አጣችው።

"ልጅ ሆኜ ጣቴን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር" አለች። "ይህቺን እኔ አላውቃትም።" እንባዋ ወረደ።

ያስቀመጥኩትን መልሼ ከፈትኩላት።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እሷው ናት። ያላ፣ ቶሎ አትማት።"

ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ገና ሙቅ ነበር። ጣቷን ከእናቷ ጉንጭ ላይ አሳረፈችና እዚያው ወንበሩ ላይ ዓይኖቿን ጨፈነች። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። እንዳልቀሰቅሳት ያን ቀን ማንንም ተራህ ደረሰ ብዬ አልጠራሁም።