በጥሩሩ ጀርባ ላይ ያለው ምት

ጎንደር ውስጥ በአንድ የቴያትር ቡድን ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የአልባሳት ክፍሉ ኃላፊ ከስፖንጅ የተሠራ ጥሩር፣ ብርማ ቀለምና ብሩሽ ሰጡኝ። «ይኼን የጦር ልብስ አብሪው፤ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር ዓይኑን ይውጋው» አሉኝ። አበራሁት። ተዋናዩ ለብሶት ሲወጣ ገና ከገበያ የመጣ ድስት መሰለ። በገዛ እጄ ሥራ ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጠባሳ ከእጄ የወጣ ጥሩር የለም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ስፖንጁን በጋለ ቢላ እሰነጥቀዋለሁ። መጀመሪያ ጥቁር እቀባለሁ፤ ሲደርቅ ብርማውን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አስነካዋለሁ። ቡናማውን አቅጥኜ ስንጥቁ ውስጥ አፈስና በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ዝገት የማስመስለው ላብ በሚወርድበት በብብት ሥር ነው። ኃላፊው «ያረጀ ዕቃ አስመሰልሽብን» ሲሉኝ፣ «ያረጀ ነዋ!» እላቸዋለሁ።

ከኃላፊው ጋር የተጣላነው በሁለት ወንድማማች ወታደሮች ቴያትር ምክንያት ነው። ታናሹ ሲቆስል ታላቁ በላዩ ተደፍቶ ይሞታል። ታላቁን የሚጫወቱት ከመካነ ብርሃን መጥተው አዘዞ የሰፈሩት አያ ምትኩ ነበሩ። ጥሩሩን ሳመጣላቸው ደረቱን አይተው «ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ ገለበጡት። ጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ የወረደ የሰይፍ ምት ሠርቼ ነበር።

«ምነው ልጄ? ፈሪ ልታደርጊኝ ነው? በእኛ አገር ጀርባውን የተመታ የሸሸ ነው። ይኼን ለብሼ ዘመዶቼ ፊት አልቆምም።»

«አልሸሹም እኮ፣ አያ።»

«አልሸሹም፣ ዞር አሉ በይኛ!»

ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኃላፊው «አሁኑኑ ድፈኚው» አሉኝ።

«አልደፍነውም። ወንድሙ ላይ የተደፋ ሰው ደረቱን በየት በኩል ይመታል?»

«እንግዲያው ሥራሽን ልቀቂ።»

«እለቃለሁ። የሚደፍንልዎትን ግን ሌላ ይፈልጉ።»

ፈለጉ። ሌላ ቀቢ ጀርባውን ብርማ አደረገው። እኔ ወደ ሰፈሬ ወደ ፀዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በእልህ አለቀስኩ። የምወደው ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ቴያትሩ የታየ ዕለት ቲኬት ቆርጬ ገባሁ። ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ! አያ ምትኩ በወንድማቸው ላይ ሲደፉ ጀርባቸው ወደ እኛ ዞረ። ብርማው ተፍቆ ምቴ ከትከሻ እስከ ወገብ ወጥቷል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ብድግ አሉ።

ሲያልቅ አያ ምትኩን ከመጋረጃው ጀርባ አገኘኋቸው።

«ማን ፋቀው?»

«እኔው ነኛ፣ በካራዬ። ልምምድ ላይ ስደፋ ጊዜ፣ ለሰይፍ የቀረው ጀርባዬ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።»

«ኃላፊው ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ!»

ኃላፊው አልመለሱኝም፤ እኔም ደጅ አልጠናሁም። ዛሬ ፀዳ ውስጥ በራሴ ክፍል እሠራለሁ። ሥራውን ልማር ብሎ ለሚመጣ ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፤ ምት ከመቀባትህ በፊት ሰውየው ምን እያደረገ እንደተመታ ጠይቅ።