ሰው አይቆጠርም

እናቴ ሰው ሲቆጠር አትወድም ነበር። ስፖንሰር አድርጌ ቶሮንቶ ባመጣኋት ሰሞን ሐኪሙ ስንት ልጅ እንደወለደች ቢጠይቃት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላው ቁጭ። እኔ አስተርጓሚዋ አፍሬ «ሁለት» አልኩት፣ ራሴንና ጡት ሳልጥል የሞተውን ታላቅ ወንድሜን ቆጥሬ። ከክሊኒኩ ስንወጣ የቁጣ መዓት ወረደብኝ። የቆጠሩት አይበረክትም፣ ዳዊት እንኳ ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደበት፣ አንቺ ከዳዊት ትበልጫለሽ ወይ አለችኝ። አልበልጥም። ደግሞ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ስለነበር አልተከራከርኳትም።

የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ ኤሌቬተሩ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከደጃችን ፊት ለፊት አንዲት ነጭ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ኖቫ ስኮሺያ ከሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለች የገጠር ወረዳ በልጅነታቸው ሥራ ፍለጋ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም። እናቴ «እትዬ» ትላቸዋለች። ከሺፍት ስመለስ ሁለቱን ሕንፃው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ ወሬያቸውን ይጠርቃሉ። ምን እያወራችሁ ነው ስላት «ምን ይወራል፣ ስለ ጉልበት ነዋ» ትለኝ ነበር።

በዚህ አገር በየአምስት ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። ውጤቱ የሚወጣው በማግሥቱ ዓመት፣ ብርዱ ሳይለቅ ነው። ጎረቤታችን ዓይናቸው ስለደከመ ኮምፒውተር ላይ እንዳነብላቸው እኛ ቤት መጡ። የቶሮንቶ ቁጥር ምናቸውም አይደል፤ የሚፈልጉት የዚያችን ወረዳ ነው። ካለፈው አንሶ ነበር። ያለፈውም ከዚያ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው፤ ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ሰው እየበዛ ይመጣል። እኔ ከፋኝ፣ እሳቸው ግን አልገረማቸውም። የጎደሉትን አንድ በአንድ ይነግሩኝ ጀመር፤ ዓሣ ማሸጊያው ሲዘጋ ሥራ ፍለጋ አልበርታ የሄዱት ወንድማማቾች፣ ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ ሲዘጋ ሃሊፋክስ ከተማ የገባችው አስተማሪ፣ ደግሞ የሞቱት ሁሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው አሁን የሚከፈተው ለቀብር ብቻ ነው። በመጨረሻ ፈገግ ብለው፣ እኔም ከጎደሉት አንዷ ነኝ አሉኝ።

ለእናቴ ነገሩን ሳስረዳት ራሷን ነቀነቀች።

«አየሽ አይደል፣ ቆጥረው ቆጥረው ጨረሷቸው» አለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጎረቤታችን ምን አለች ቢሉኝ፣ አዝናለሁ ነው ያለችው ብዬ አለፍኩት።

የሚቀጥለው ቆጠራ ሲደርስ ጎረቤታችን ሰማንያን አልፈው ነበር። ልባቸው ታሟል፤ ከአግዳሚው ለመነሳት ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። እንግዲህ በዚህ ጤና ነው ከቆጠራው ቀን በፊት አገሬ እገባለሁ ያሉት፤ አባታቸው ቤት፣ ብቻውን ከሚኖር ወንድማቸው ዘንድ፣ እዚያው ልቆጠር ብለው። ሐኪማቸው አይሆንም አላቸው። እኔም በአረጋውያን መጦሪያ ስለምሠራ የልብ ነገር አውቃለሁ ባይ ነኝና ተቆጣኋቸው። ሆስፒታል የሌለበት አገር፣ ለአንድ ቁጥር ብለው ሊሞቱ ነው ወይ አልኳቸው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ነው የመለሱልኝ።

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብጎድል ማን ያውቃል? እዚያ አንድ ሰው ሲጎድል ይታያል። እስቲ ሲጨመርም ይታይ።»

እናቴ ታግዘኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሷ እቴ! ተያቸው፣ አገራቸው ይግቡ አለችኝ። ለመቆጠር ብሎ መንገድ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለች፣ ዳንፎርዝ ካለው የሐበሻ ሱቅ በሶ አስገዝታኝ ስንቅ አዘጋጀችላቸው። እንዴት እንደሚበጠበጥ በእጇ አሳየቻቸው። ታክሲው ሲመጣ ኤሌቬተሩ እንደ ልማዱ ቆሞ ነበርና ደረጃውን እያሳረፍን አወረድናቸው። እናቴ ጉንጫቸውን እያገላበጠች ስማ «እትዬ፣ እንግዲህ በሰማይ» አለቻቸው። እኔ አላስተረጎምኩም። እሳቸው ግን የገባቸው ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከቆጠራው በኋላ ኮል አደረጉልኝ። ድምፃቸው የልጃገረድ ሆኗል። ባለፈው በዚያ ቤት የተቆጠረው ወንድማቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ተባልን አሉ። ስለ ልባቸው ብጠይቃቸው ስለ ባሕሩ ነገሩኝ። እናቴ ሰምታ «እግዜር ይጠብቃቸው እንግዲህ» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ ሞቱ። ወንድማቸው ደውሎ የነገረኝ ሥራ ቦታ ነበርና ሎንድሪ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከሥራ ኦፍ ውሰጂ፣ ለቅሶ እንቀመጣለን አለችኝ። ማን ሊመጣ ብላት፣ ሰው ባይመጣስ ለቅሶ አይደለም ወይ አለችኝ። እስከ ሣልስት ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ከፊት ለፊት፣ በእሳቸው በር ላይ፣ የአዲሶቹ ተከራዮች ጫማ ተደርድሮ ነበር።

ብርዱ ሳይለቅ ቁጥሩ ወጣ። የጠየቀችኝ እናቴ ራሷ ናት፤ የትዬ አገር አልወጣም ወይ ብላ። ከፈትኩት። አሁንም ቀንሷል።

«እሳቸው አሉበት?» አለችኝ።

አሉበት አልኳት። ሞተዋል እኮ አለች። ቢሞቱም ያን ቀን ነበሩ፣ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ከዚያ ቁጥር አይወጡም አልኳት። ደግሜ እንዳስረዳት አደረገችኝ።

አምስት ዓመቱ ሞልቶ የቆጠራው ደብዳቤ እንደገና በራችን ሥር ገባ። እናቴ በኩላሊት ሕመም ከስታ፣ ከወንበሯ ወደ መስኮቱ ብቻ የምትሄድ ሆናለች። ከዚያ በፊት ቅጹን ሳልነግራት ነበር የምሞላው። የዚያን ዕለት ግን ወንበሯን ስባ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል ይላል መጀመሪያው። ሁለት ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ስድስት ነን በይ።»

አእምሮዋ የተነካ መሰለኝና ደነገጥኩ። እሷ ግን ጣቶቿን መዘርጋት ጀምራለች። ታላቅ ወንድሜን ቆጠረች። ቀጥላ ሁለት ሴት ልጆች ቆጠረች፣ በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቃቸውን። ከዚያ እኔን። ያኔ አገር ቤት ከቀበሌ የመጣ ሰው ስንት ልጅ አለሽ ቢላት፣ በኩራት አራት ብላው ኖሯል። ዓመት ሳይሞላ ኩፍኝ ገብቶ ሦስቱን ወሰዳቸው፤ የቀረሁት እኔ፣ በጡት የነበርኩት ነኝ። ኋላ የመጣውን ወንድ ልጅ ለማንም አልቆጠረችም። እሱም አልቀረላትም።

«ስም የለውም፣ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሄደ። እሱንም ጻፊው» አለችኝ።

እማዬ፣ የሚቆጠረው በሕይወት ያለ ብቻ ነው አልኳት።

«እትዬስ ሞተው አልተቆጠሩም?»

«እሳቸው እኮ ያን ቀን ነበሩ።»

«የኔዎቹም ያን ቀን ነበሩ» አለች።

ቅጹ ለሞተ ሰው ቦታ የለውም። እያየችኝ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች፤ «ሁለት» አለችና የዘረጋቻቸውን ጣቶች አጥፋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አገባች።

ውጤቱ ሲወጣ እናቴ አልነበረችም። ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። የቶሮንቶ ሕዝብ ጨምሯል። እናቴ አለችበት፤ አራቱ የሉበትም።