ሸንጎ የቀረበው ናና

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው በአንድ ቅጠል የተነሣ ከሚስቴም ከቤቴም ልነቀል ስለነበር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ አጻጻፌ ሻካራ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ካልታገሠም ይለፈው።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። ቢቸና የገባሁት ጥሩነሽን አግብቼ ሲሆን የማርሰውም የእሷን ርስት ነበር። ይህ በታላቅ ወንድሟ በአያ ደምሴ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ኖሯል። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «መጤው» ነበር የሚለኝ።

አንድ ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ፣ ጨው ነጋዴው ጎረቤታችን ቤት ናና ያለበት ሻይ ጠጣሁ። ሆዴን ቁርጠት ስለሚያስቸግረኝ ተስማማኝ። የነጋዴው ሚስት እትዬ ዘይነባ ከጓሯቸው ነቅለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«በጣሳ ትከለው እንግዲህ። መሬት ላይ ከለቀቅኸው ባለቤቱን ያስወጣል» አሉኝ።

ሳቅሁ። ጣሳ ፍለጋ ማን ይዞራል! ጓሮዬ፣ እጣቢ ከሚደፋበት ቦታ ተከልኩት።

በዓመቱ ናናው ጎመኑን ዋጠና በአጥር ሥር ሾልኮ አያ ደምሴ ጓሮ ብቅ አለ።

በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ። ከእህል ጆንያ ጋር በደጀን መንገድ የገባ፣ አዝመራ የሚያጠፋ አረም አለ ተባለ። «መጤ አረም ያለበት ሁሉ ከነሥሩ ይንቀል!» አያ ደምሴ ይህን ሲሰማ ሠርግ የተጠራ መሰለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሰበሰበ። «መጤ መጤን አመጣብን። ርስታችን ሳይወረር ሁለቱም ከነሥራቸው ይነቀሉልኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ የቅኔ አገር ሰዎች ናቸውና ሰሙን ትተው ወርቁን ያዙ። ቅጠሉን ያየ አልነበረም፤ ሁሉም እኔን አየ። ጥሩነሽን «ተፋቺው» ሊሏት እንደሆነ ገባኝ።

ጥሩነሽ ግን ብድግ አለች። «አያ ደምሴ፣ አንቱ አረሙን ነው ባሌን ነው የጠሉት?»

ይህን ጊዜ ሽማግሌዎቹም አረሙን የሚያውቅ ሰው ይምጣ አሉ።

የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከሐረር የተመደበ ቀጭን ሰው ነበር። እሱም እንደኔ መጤ። ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ጓሮዬ ገባና ተንበርክኮ ቅጠሉን አሸተተ፣ አኘከ፣ ሥሩንም እንደ ክር ስቦ አወጣው።

«አዋጅ የተነገረበት አረም ፍሬው እሾሃም ነው» አለ። «በከብት ጭራ ተጣብቆ ይሄድና ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው ሜዳውን ይወርሳል። ይሄ ሥሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። እስቲ የት ላይ እንደቆመ እዩ።»

አየን። እጣቢው የሚደርስበት ሁሉ ለምልሟል፤ ከዚያ ወዲያ ደረቁ መሬት ላይ አንድም የለም። አያ ደምሴ ጓሮም የለመለመው የእሱ ቤተሰብ እጣቢውን እዚያው አጥር ሥር ስለሚደፋ ነው።

ሠራተኛው እጁን አራገፈ። «አባቶቼ፣ ይሄ መጤ አይደለም፤ ባለጌ ነው። ባለጌ ደግሞ ይገሠጻል እንጂ ከአገር አይነቀልም። ቦይ ቆፍራችሁ ወሰን አብጁለት።»

«በጌታው ወጥቷላ!» አለ አያ ደምሴ፣ ጥርሱን እያፋጨ።

«ተወው እንግዲህ ደምሴ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ባለጌ አማች ያልደረሰው ማን አለ?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። በዕድሜዬ ተሰድቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሣ መሰለኝ።

ቦዩን በማግስቱ ቆፈርኩ። አያ ደምሴ ዛሬ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ወደድኩት ብል እዋሻለሁ። ናናው አሁንም ከቦዩ ወዲህ አለ። አንዳንዴ አንዱ ሥር ሾልኮ ሊሻገር ሲል አገኘውና እነቅለዋለሁ። ሰው በአነጋገሬ ተቀይሞ «አንተ ባለጌ!» ሲለኝ ግን አልቆጣም። ያ ስም ሚስቴንና ቤቴን አትርፎልኛል።