ጨረቃዋ በጊንጪ በኩል ስትወጣ

ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው በልቤ ያልኩት «እዚህ ፎቶ ማንሳት አይቻልም» ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው እንጂ ካሜራዬማ ስቱዲዮዬ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ቦታው ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገና ጤፍ ጤፍ ይሸታል። መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኖ ከላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። በእሷ የምትገባው ብርሃን ጣሪያውን ነካ አድርጋ ትመለሳለች እንጂ ሰው ፊት ላይ አትደርስም። ከታሳሪዎቹ ጋር የተዋወቅነው በድምፅና በሳል ነው ብል ይሻላል።

የተያዝኩት አምቦ ውስጥ ሱቅ ሁሉ በአድማ በተዘጋበት ሰሞን ነው። እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ዘግቼ ነበር። «ለምን ዘጋህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አልቆየም። መርማሪው አንድ ጠዋት አስጠርቶኝ ጠረጴዛው ላይ ፎቶግራፎች ደረደረ። ከፎቅ ላይ ሆኖ የተነሳ የሰልፈኛ ፎቶ ነው፤ ፊቶቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ጎልተዋል። ያነሳው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ወዲያው ታየኝ።

«የከተማው ተማሪ ሁሉ ጉርድ ፎቶ የሚነሳው አንተ ጋ ነው» አለኝ፣ ቆጣ ሳይል። «ዛሬ አስብበት። ነገ ጠዋት ከጀርባቸው ስማቸውን ትጽፋለህ፣ ቤትህ ትገባለህ። ሚስትህም ደርሳለች አሉ።»

ደርሳ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ሲወስዱኝ በር ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ነበር ያየችኝ።

ከፎቶዎቹ መሃል አንዱን ልጅ ገና ሳየው አወቅኩት። ለፈተና መመዝገቢያ ያነሳሁት ነው፤ ኮሌታው አልቀና ብሎኝ ሁለታችንም ስንስቅ ነበር። ልጁ ሸሽቷል። አባቱን «ልጅህን አምጣ» ብለው በእሱ ምትክ አስረዋቸዋል፣ የሚተኙትም ከእኔ ጎን ነው። ከጊንጪ ወዲያ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እንላቸው ነበር። ከመርማሪው ስመለስ ምን እንደጠየቀኝ አልነገርኳቸውም።

ሲጨልም ለሽንት ያወጡናል። ሕጉ አንገት ደፍቶ፣ እጅን የፊተኛው ሰው ትከሻ ላይ አድርጎ መሄድ ነው። ቀና ያለ ዱላ ይቀምሳል። እኔ ከኦቦ ኋላ ነበርኩ። እግራችንን እያየን ስንሄድ መሬቱ ላይ የራሳችንን ጥላ አየሁ፤ ረጅምና ጥርት ያለ ጥላ። አምፖል ያበሩ መስሎኝ ነበር።

ሰልፉ ቆመ። ማንም ቁም አላለም። ቀስ ብዬ በዓይኔ ጠርዝ ሳይ፣ ጠባቂያችን ዱላውን አንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በጊንጪ በኩል ካለው አጥር በላይ ይመለከታል። «ያ ዋቃ! ምን ጉድ ናት?» አለ ለራሱ፣ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ።

ጨረቃ ናት። ሰፌድ የምታክል፣ የበሰለ ገብስ የመሰለች፣ አጥሩን በእጇ ይዛ የወጣች የምትመስል ጨረቃ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀርባ አይቻት አላውቅም። ግቢው ሁሉ፣ የውሃው በርሜል፣ የተሰባበረው ብሎኬት፣ የጠባቂው ቆብ፣ ለስልሶ ሌላ አገር ሆነ። ከፊትና ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ያን ጊዜ ፊት አወጡ። በሳሉ የማውቀው ሰው ልጅነቱ ገርሞኝ ቀረ። እንዲህ ያለ ብርሃን ስቱዲዮዬ ውስጥ ለማምጣት ስንት አምፖል አቃጥያለሁ! የት እንዳለሁ ረሳሁ፤ ደስ አለኝ።

ኦቦ ብቻ እንዳቀረቀሩ ናቸው። አፌ ስቱዲዮ የለመደውን አወጣ።

«ቀና ይበሉ፣ አባባ።»

ቀና አሉ። የልጁን ቅንድብ እፊታቸው ላይ አየሁት። ጨረቃዋን ረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ «ምነው ዛሬ እንኳ ደመና በኖረ» አሉ።

«ምነው አባባ? እንዲህ አምራ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ጭልሞ ጫካ ነው ያለው። የሚሄደው ሲመሽ ነው። በዚህ ብርሃን ጉንዳን እንኳ አይደበቅም።» ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ፣ ለእኔ ሳይሆን ወደ ላይ፣ «ያ ዋቃ፣ ናፍ ዾክሲ» አሉ፤ አምላኬ ደብቅልኝ ማለታቸው ነው። ማንም ሳያዛቸው መልሰው አንገታቸውን ደፉ።

ጠዋት መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ። ባለቤቴ በራችን ላይ እንደቆመች ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩና «አላውቃቸውም» አልኩ።

«ፎቶ አንሺ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ ጌታዬ። ግን ሰው ሲቀመጥልኝ የማየው ኮሌታውን ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልልም። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። ስፈታ እየዳኸች መጥታ ጫማዬን ያዘች፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ።

ከዓመታት በኋላ የስቱዲዮዬ በር ተከፍቶ ኦቦ ገቡ። አጠገባቸው ጺም ያበቀለ ጎልማሳ ነበር፤ ቅንድቡን አየሁና አወቅኩት፣ ወንበር አቀረብኩላቸው። አብረው ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት። መብራቱን እያስተካከልኩ ልጁን ጠየቅኩት።

«ያቺ ትልቅ ጨረቃ የወጣች ምሽት፣ ጫካው ውስጥ እንዴት ሆንክ?»

«የቷ ጨረቃ ጋሼ?» አለኝ። «እኔ ጭልሞ ብዙ አልቆየሁም። እንጭኒ ከተማ አክስቴ ጋ ገባሁ። እዚያማ በልቼ በጊዜ ነበር የምተኛው።»

ኦቦ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። «ራፌ!» አሉ፣ ተኝቷል ማለታቸው ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ለካ ያን ያህል ዘመን እንደዚያ አልሳቅኩም ነበር። እየሳቅን ያነሳሁት ፎቶ ደብዛዛ ወጣ። ልድገመው ብል እምቢ ብለው እንዳለ ወሰዱት።

አሁንም ጨረቃ ስትሞላ የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ ይወጣል። ልጄም እጄን ጎትታ ታወጣኛለች። ዓይኔ ግን ወደ ጨረቃዋ አይሄድም፤ ዳር ዳሩን ደመና ይፈልጋል። ዛሬስ የማን ልጅ መንገድ ላይ ነው እላለሁ በልቤ።

«ቀና በል እንጂ አባዬ» ትለኛለች፤ ከእኔው የለመደችው ነው።

ቀና እላለሁ።