ወንድሜ ከግድግዳ ጋር ያወራበት ዓመት

ሐርጌሳን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ አቧራዋ ነው። የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የፈረሰ ቤት አቧራ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንደሩ ሁሉ በዚያ አቧራ ውስጥ ተንሳፍፎ፣ ቤቶቹ ገና መሬት ያልነኩ ይመስላሉ። ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆነውት ነበር። ሰው ከስደተኛ ካምፕም ከባሕር ማዶም እየተመለሰ ፍርስራሹን ይፈልግና እዚያው ላይ ግድግዳ ያቆማል። ግድግዳ ካለ ለሳኝ ይፈለጋል። ወንድሜ ለሳኝ ነበር።

የድሬዳዋ ልጆች ነን። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ሐርጌሳ ቀድሞኝ ሄደ፤ ሥራው ሲደራለት እኔንም አስመጣኝ። መሐመድ ሞጌ በሚባል ሠፈር ውስጥ፣ እሱ በሚለስነው ቤት ጓሮ አንድ ክፍል ተሰጠን። እኔ በአቅራቢያው ባለ ሱቅ የሴቶች ቀሚስ እሰፋለሁ። የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። አባቷ ሐረር ይነግድ ስለነበር ልጅነቷን እዚያ አሳልፋለች፤ አማርኛዋ የጥንት ሰው አማርኛ ነው። ኤዶ እንላታለን፣ አክስት ማለት ነው። አንቱ ስንላት ትቆጣለች። አንቱ የምትሉኝ ስሞት ነው ትላለች።

ጫት ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። አባታችን ጁምዓ ጁምዓ ከጓደኞቹ ጋር ዱዓ አድርጎ ይቅም ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ማልዶ ሥራ ይገባል። ስለዚህ ወንድሜ ሲቅም ማንም አልደነገጠም። ሐርጌሳ ግን ጫቱ በቀን በቀኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ የጫት መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከድንበር በኩል ሲገቡ የከተማዋ ፊት ይለወጣል። ሥራ ላይ ያለው መሣሪያውን ያስቀምጣል፣ የተኛው ይነሳል።

መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ነበር የሚቅመው። ሲመረቅን ወሬው ይጣፍጣል። ጓሯችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ፣ ወደፊት የሚሠራልኝን ቤት ከመሠረቱ ይጀምርና እስከ ጣሪያው ያደርሰዋል። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ መስኮቱ ሰማያዊ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር ሎሚ ይተከላል። እኔም መርፌዬን ይዤ እየሰማሁ እዚያ ቤት ውስጥ እኖር ነበር። ዛሬም ያንን ቤት ክፍል በክፍል አውቀዋለሁ።

በኋላ ከቁርስ በፊትም መቃም ጀመረ። ምግብ ቀነሰ። ቀጥሎ እንቅልፉ ሄደ። ዓይኖቹ ትልልቅ ሆኑ፣ ከንፈሩ ነጣ፣ ልስኑ ግን ከምንጊዜውም ይልቅ ለስላሳ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት ምሳ ይዤለት ወደሚለስነው ሳሎን ስገባ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ስሚ፣» አለኝ። «ቁርስ እየበሉ ነው።»

«እነማን?»

«የቤቱ ሰዎች።»

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ግድግዳው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። የብርጭቆ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ከጎረቤት ይሆናል። ወንድሜ ልጆቹ ስንት ዓይነት ሳቅ እንዳላቸው፣ ሽማግሌው እንዴት እንደሚያስል ነገረኝ። አልፈራም ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ እኔን ያስፈራኝ ፈገግታው ነው።

ኤዶ ሠላሳ አንድ ሜይ ወደሚባለው ሠፈር ሰርግ በሄደችበት ቀን ነገሩ ወጣ። ከሱቅ ስመለስ በር ላይ ተገናኘን፤ አብረን ገባን። ሳሎኑ ነጭ ጭጋግ ሞልቶታል። ወንድሜ ያን ሁሉ ልስን በመዶሻ አራግፎታል። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹ እየደሙ፣ «አፍኛቸው ነበር፤ መተንፈሻ አጥተው ነበር፣» ይላል ደጋግሞ።

ኤዶ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ግድግዳው ሄደች። ከልስኑ ሥር የድሮው ቀለም ወጥቷል፤ እንደ ጎመን ቅጠል ያለ አረንጓዴ፣ እዚህም እዚያም በጥይት የተበሳሳ። በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ይህን የቀባው ባለቤቴ ነው፣» አለች። «ምን ዓይነት ቀለም እንደነበር ረስቼው ነበር።»

ከዚያ ውሃ አመጣችና የወንድሜን እጅ አጠበች። ሐሳቧን ለእኔ የነገረችኝ በኋላ ነው። ሰዉ ጂን ያዘው ይላል፣ እኔ ግን እንቅልፍ ነው ያጣው እላለሁ፤ ቢሆንም ሁለቱንም መንገድ እንሞክራለን አለች።

መጀመሪያ የሠፈሩ መስጊድ ሼኽ ዘንድ ወሰድነው። ሼኹ ለብዙ ቀን ቁርአን ቀራበት። ወንድሜ እየሰማ ያለቅሳል፣ እንባው ሲያልቅ ሰውነቱ ይላላል፣ ጥቂትም ያሸልባል። ግን የጫት መኪናው ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ፣ ሰው እንደጠራው ሁሉ ብድግ ይላል። በመጨረሻ ሼኹ እኔንና ኤዶን አስቀምጦ መከረን።

«ቁርአን ሺፋ ነው፣ ፈውስ ነው፣ አልጠራጠርም፣» አለ። «ይህ ሰው ግን ሐኪምም ያስፈልገዋል። ሐኪሙንም የፈጠረው አላህ ነው።»

ጎረቤቶች ከከተማው ዳር እንዲህ ያለ ሰው የሚያስገቡበት የግል ቤት አለ አሉን፤ ከኤዶ ጋር ልናይ ሄድን። ረጅም አጥር፣ የቆርቆሮ በር። ግቢው ተጠርጓል። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ስለ አድሚሽን፣ ስለ ፕሮግራሙ አስረዳን። አንድ ግራር ሥር ወንዶች በጸጥታ ተቀምጠዋል። ጥላው ፈቀቅ ሲል እነሱም አብረው ፈቀቅ አሉ፤ ያኔ ነው የእግር ሰንሰለቱ የተሰማኝ። ሲረጋጉ ይፈታሉ አለን ኃላፊው። መቼ ስለው፣ እንደ ሰዉ ነው አለኝ።

ከመካከላቸው አንዱ በአማርኛ ስናወራ ሰምቶ ቀና አለ። እሱም በአማርኛ ከየት እንደመጣን ጠየቀኝ። ከድሬዳዋ አልኩት።

«እዚያ ዘንቧል?» አለኝ።

ዘንቧል አልኩት። አላውቅም ነበር፤ ግን ዘንቧል አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ኤዶ ክንዴን ይዛ ወጣች፣ ዋናው መንገድ እስክንደርስም አልለቀቀችኝም።

የቀረን የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበር። አልጋው ጠባብ፣ ሕመምተኛው ብዙ፣ ምግብ ከቤት ይመጣል። ነርሷ ጅግጅጋ የተማረች ሶማሌ ናት፤ አማርኛችንን ስትሰማ በአማርኛ አስረዳችን። ጫትን የሚያስጠላ ኪኒን የለም፤ ለድምፁና ለእንቅልፉ ግን መድኃኒት አለ፣ ጥቂት ሳምንት ይተኛ አለች። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው።

«ከዚህ ሲወጣ፣» አለችኝ፣ «ከሰዓት በኋላውን ምን ያደርገዋል?»

ይዤ የመጣሁትን ጋቢ አልጋው ላይ አነጠፍኩ።

ወንድሜ ተኛ። የወራት እንቅልፉን ባንዴ ሊከፍል ይመስል ተኛ። ጫት ያቆመ ሰው ላይ የሚመጣው ዱካክ መጣበት፤ በእንቅልፍ ልቡ ደረቱ ላይ የሚቀመጠው፣ ላንቃ የሚዘጋው። ሾርባ ይዤለት ስሄድ፣ መድኃኒቱ ባሰረው ምላሱ ቀስ እያለ ሕልሙን ይነግረኝ ነበር። መጨረሻ የሌለው መሰላል ይወጣል፤ ልስኑ እንደ ዱቄት ይዘንብበታል፤ ድሬዳዋ ከሥሩ ትታየዋለች፣ ትንሽ ሆና፣ ባቡሯ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። እኔ በማንኪያ እያጎረስኩ እሰማለሁ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አልጋዎቹ ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። አንዳንዴ ከእኔና ከእሱ ሕልም የሚያየው የትኛችን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ድምፆቹ ሄዱ። መጀመሪያ ልጆቹ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሽማግሌው። አንድ ቀን ስገባ ወንድሜ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል።

«ሄዱ፣» አለኝ። «ደህና ዋሉ እንኳ አላልኳቸውም።»

ልደሰት ልዘን አላወቅሁም። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

ለነርሷ ጥያቄ መልስ ያገኘችው ኤዶ ናት። ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ሳሎኑን እንደገና ለሰነ፤ ኤዶ ያንኑ አረንጓዴ እንዲቀባ ጠየቀችው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ለጉልበቴ ሐኪም በእግር መሄድ አዞልኛል፣ ደጋፊ ያስፈልገኛል አለች። መኪኖቹ በሚገቡበት ሰዓት ጃንጥላዋን ይዛ እሱን ይዛ ትወጣለች። ደረቁን ወንዝ አሸዋ አሸዋውን ተሻግረው፣ ወዲያ ማዶ የግመል ወተት የምትሸጥ ዘመዷ ዘንድ ደርሰው፣ ከሰዓት የሚሰገደው ዐስር ሰላት ካለፈ በኋላ ይመለሳሉ። ጎዳናው ባዶ ነው፤ ከተማው በየቤቱ ገብቶ ይቅማል። ከሱቄ በር ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ጥቁር ጃንጥላና ሁለት ሰው፣ በሙቀቱ ውስጥ ርቀው ርቀው እንደ ጭስ ሲቀጥኑ። ምን ታወራለች ስለው፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ሐረር፣ አንዳንዴ ምንም አለኝ። ጉልበቷ ግን ከእኔ ጉልበት ይሻላል አለኝ እየሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አላለቀም። ለዒድ፣ ሐርጌሳ ያሉ የድሬዳዋ ጓደኞቹ ሰብስበውት ቃመ። በማግሥቱም ቃመ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ብሎ ወጥቶ ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። በየመቃሚያው እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ ሰው በሌለበት ምንጣፍ ላይ የተጣለ የጫት ገራባ ብቻ አገኘሁ። እግሬ ሲዝል፣ ሳላስበው፣ ሆስፒታሉ በር ደረስኩ። ነርሷ አየችኝና ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ። በራሱ እግር መጣ አለችኝ።

አልጋ ስላልነበረ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ ደርድሮታል።

«የቤቱ ሰዎች ገና አልመጡም፣» አለኝ። «ሳይመጡ ልቅደም ብዬ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፍርሃቴ ሁሉ ከላዬ ላይ እንደ ሸክም ወረደ፤ እዚያው ፍራሹ ጫፍ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጋቢውን አልብሶኛል።

ዓመታት አልፈው፣ አሁን ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሠፈር ከሚስቱና ከሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ኪኒኑን ይወስዳል፣ አይቅምም። ኤዶ ሞታለች፣ አላህ ይርሐማት። የጫቱ ሐራራ ይተውሃል ወይ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። አይተወኝም አለኝ፤ እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ሳላስተናግደው ሲቀር ይሄዳል።