አባቴና ድንጋይ መፍጫው

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ከጀመረ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ዲክሲስ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ያንቀሳቀሰው የናፍጣ ወፍጮ ተዘግቷል። ከጎኑ የመብራት ወፍጮ ሲተከል ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ እሱም ሞተሩን ሸጦ ከእናቴ ጋር አሰላ እኔ ቤት ገባ። የወፍጮውን ዘንግ ግን አልሸጠም። በጆንያ ጠቅልሎ አመጣውና አልጋው ሥር አስገባው። ከዚያ እህቴ አዲስ አበባ ወለደች፤ እናቴ ልታርሳት ሄደችና ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። አንድ ወፍጮ የሌለው ባለወፍጮና አንዲት ግልፍተኛ የኬሚስትሪ አስተማሪ።

በዚያ ላይ ዓይኑ አለ። ሞራው ሳያንስ የዓይን ግፊት እንዳለበት አሰላ ያለ ሐኪም ነግሮናል። “የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለባቸው” አለኝና እስከዚያው ጠብታ አዘዘ። ቀጠሮው ለግንቦት መጨረሻ ተያዘ። አባቴ ከፊቱ ያለውን ሰው ይለያል፣ በጎን የመጣበትን ግን አያይም። ደቃቅ ነገርማ ጨርሶ ከእጁ ወጥቷል። ሻይ ሳቀብለው ብርጭቆውን ትቶ የእጄን አንጓ ይይዛል።

ስለ ወርቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በኋላ ሁሉም ሰው የእሱ ቅዠት አድርጎ ነው ያወራው። ወጣት ሳለ አዶላ ሄዶ ሁለት ዓመት ወርቅ አጥቧል። ከግድግዳው እንዲዞርልኝ ብቻ ብዬ አንድ ቀን ስለዚያ ጊዜ ጠየቅሁት። ዞረ። ተነስቶ ተቀመጠ። “ነጭ ድንጋይ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነገር ካየሽበት፣ አትለፊው” አለኝ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ደራ አካባቢ ከመንገዱ በታች ካለ የደረቀ ጅረት ውስጥ አይቶ እንደነበር፣ ግን ወፍጮውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ እንደተወው ነገረኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ግማሽ ጆንያ ድንጋይ ይዘን ተመለስን፤ ማታ ሁለት እንጀራ በላ።

“አባባ፣ የዚህ አገር ድንጋይ እኮ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ወርቅ የሚገኝበት ዓይነት አይደለም” አልኩት።

“አንቺ ከመጽሐፍ ነው የምታውቂው” አለኝ እያላመጠ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አልለቀውም ነበር። የበላውን እንጀራ አየሁና ተውኩት።

መጀመሪያ በመዶሻ ሞከርነው። እሱ አውራ ጣቱን መታ፣ እኔ ደግሞ የጎረቤት መስኮት ሰበርኩ። በሦስተኛው ቀን “ይሄማ የሚፈጭ ነገር ነው” ብሎ ከአልጋው ሥር ዘንጉን ጎትቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ጋራዥ ሆነ። የአሮጌ ጭነት መኪና የፍሬን ታምቡር፣ ያንን እንደ ድስት የጎደጎደ ወፍራም ብረት፣ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ገዛን። ዘንጉ በመሃሉ ያልፋል፤ ዘንጉ ላይ ወፍራም ሰንሰለት በብሎን ይታሰራል፤ ዘንጉ ሲሽከረከር ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ድንጋዩን እየመታ ያደቅቀዋል። የሚያዞረው ከተሰበረ የውሃ ፓምፕ የተረፈ ሞተር ነው፣ በቺንጋ። ሥሩ ወንፊት፣ ከወንፊቱ ሥር ባልዲ። አባቴ የሚፈልገውን ሁሉ በጣቱ አየር ላይ እየሳለ ያስረዳል፣ እኔ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፣ የቀጠርነው በያጅ ደግሞ ወረቀቱን ትቶ የአባቴን ጣት እያየ ይሠራል።

የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ዘንጉ ታምቡሩን በስቶ በሚያልፍበት በሁለቱም በኩል የሚሽከረከርበት ነገር ያስፈልገዋል። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ “ጋሼ፣ ኩሽኔታ ይግዙ። ይሄ ጤፍ አይደለም፣ ድንጋይ ነው” አለ።

“የኔ ወፍጮ ኩሽኔታ አያውቅም። የናስ ቀለበት ነው የነበረው፣ በዘይት ብቻ ዕድሜ ልኩን ኖረ።”

“እሱ እኮ እህል ነበር፣ ጋሼ።”

“አንተ ስትወለድ እኔ ዘንግ ሳስተካክል ነበርኩ” ብሎ ጮኸበት። ያ ጩኸት! ዲክሲስ ወረፋ ያዛነፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጩኸት ነው፤ ስንት ወር ሳልሰማው ቆይቼ ደስ አለኝ። በያጁ ልክ እንደነበር እያወቅሁ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ሁለት የናስ ቀለበት ቶርኖ ቤት አስቀረጽን።

ጓሮ ተክለን ያስነሳነው ቀን ሰፈሩ ተናወጠ። አቧራው እንዳይገለን ጆንያ በውሃ ነክረን አለበስነው፤ አፍንጫችንን በሻርፕ አሰርን። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ መዳፉን ከማሽኑ እግር ላይ አላነሳም፤ በእጁ ነበር የሚያዳምጠው። ወዲያው አንዲት ጎረቤታችን ግማሽ ኩንታል የተቆላ ገብስ በባጃጅ አስጭና በሩ ላይ ደረሰች።

“አከም ቡልተን፣ ጋሼ! ወፍጮ ከፈቱ እንዴ? እኔኮ ለበሶ ስንት ቦታ ዞርኩ!”

“ለኪ፣ ለኪ! የለም፣ ይሄ የሰው አይደለም!” አላት አባቴ ሻርፑን ከአፉ ሳያወርድ።

“የከብት ነው?”

ስቄ ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ በአቧራው አሳለ። ከማሽኑ ሁሉ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው፤ እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የተፈጨውን ዱቄት በገበቴ ያጥበዋል። እጁ አዶላን አልረሳም፤ ገበቴውን ያዞራል፣ ውሃውን ያፈሳል፣ ነጩ አሸዋ እየታጠበ ይሄዳል፣ ከባዱ ታች ይቀራል። ከሰንሰለቱ የረገፈውን የብረት ብናኝ እኔ በማግኔት እለቅማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ከጥቁር አሸዋ በቀር ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ ከገበቴው ግርጌ ቢጫ ነገር አየሁ። ጮህኩ። አስተማሪነቴንም ኬሚስትሪዬንም ረስቼ እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

“ቀለሙን ንገሪኝ” አለ። ገበቴውን በሁለት እጁ ይዞ ደርቆ ቀርቷል።

“ቢጫ።”

“ጥላ ስታደርጊበትስ?”

በመዳፌ ጋረድኩት። “ያው ቢጫ ነው፣ አባባ።”

አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ቅንጣቶቹን በእርጥብ ጣቴ አንስቼ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩለት፤ ብልቃጡን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አገላበጠው፤ አላየውም። “አንቺ ካየሽው ይበቃል” አለኝ።

በማግስቱ ስለ ቀጠሮው አነሳ። አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። “ይቆይ” አለ። “ከተሠራሁ በኋላ ጎንበስ አትበል፣ ከባድ አታንሳ ይሉኛል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ጅረቱ ይሞላል። ድንጋዩን አሁን ካላወጣነው የለም።” ተጨቃጨቅን። ዓይን ትበልጣለች አልኩት፤ “የምኖርበትን ዓይን እኔ አውቃለሁ” አለኝ። በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ክርክሩን ልረታበት ብዬ ሰኞ ዕለት ከብልቃጡ ሁለት ቅንጣት ደብቄ ወደ ትምህርት ቤት ይዤ ሄድኩ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ማንም አልነበረም። ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደረግሁበት። ወርቅ በዚህ አሲድ ምንም አይሆንም፤ ለአሥረኛ ክፍል በየዓመቱ የማስተምረው ነው። ቅንጣቱ ተንተከተከ፣ ቡናማ ጢስ አወጣ፣ ፈሳሹ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛውንም ጣልኩት። እሱም አረንጓዴ ሆነ።

ናስ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ከየት እንደመጣ አወቅሁ። ዲክሲስ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበር፦ የወፍጮው ድንጋይ በተወቀረ ቀን መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ለሰው አይሰጥም፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ራሱ እየተፈጨ ይገባበታል። አባቴ ያንን ዱቄት በእጁ አፍሶ ከብት ላለው ሰው ይሰጥ ነበር። ወፍጮ ራሱን እንደሚፈጭ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቤት እንደደረስኩ በጓሮ በር ገብቼ ቺንጋውን ፈታሁና ዘንጉን በእጄ ነቀነቅሁት። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። የናስ ቀለበቱ በድንጋይ ብናኝ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ የተፋቀው ሁሉ ወደ ታምቡሩ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው፣ ከዚያ ወደ ገበቴው ወርዷል።

ልነግረው ገባሁ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እናቴን በስልክ ያዋራል። “ልጅሽ ዓይን አላት” ይላታል። “እኔ ያጠብኩትን እሷ ነች ያየችው።” ስልኩን ዘጋና “እንግዲህ ደውይና ቀጠሮውን አዛውሪልኝ” አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። “ወርቅ አይደለም” የምትል አጭር ነገር ነች። አፌ ላይ ነበረች። ግን ያንን ግድግዳ ፈራሁት። ወደዚያ ከዞረ ዳግመኛ እንደማይነሳ አድርጌ ራሴን አሳመንኩ፤ ሁለት ሳምንት ይደሰት፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የሚቀርበው ባዶ ቀን ነሐሴ ነው አለችኝ። አባቴ እያዳመጠኝ ነበር። “እሺ፣ ይሁን” አልኳት። የእሱን ዓይን የሸጥኩት በዚህች ቃል ነው፤ በሌላ በምንም አላመካኝም።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ፤ አልነገርኩትም። እውነቱ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ። ቀለበቱን ብቀይረው ቢጫው እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልቀየርኩትም። ቢጫው ባነሰ ቀን “አለ፣ አለ” እለው ነበር። ማታ ማታ ጠብታውን አደርግለታለሁ፤ ያቺን ያህል ታማኝ ነበርኩ። አንድ ቀን ከበሩ መቃን ጋር ተጋጭቶ ግንባሩ ተላጠ። ሌላ ቀን እራት ስንበላ “ይሄ አምፖል ደክሟል፣ ቀይሪው” አለኝ። ሄጄ አዲስ አምፖል ገዝቼ ቀየርኩ። “አሁን ይሻላል?” ስለው “ትንሽ” አለኝ። አምፖሉ ምንም አልሆነም ነበር፤ ሁለቱንም ሳያቸው እኩል ነው የሚያበሩት። ያን ምሽት ወጥቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ያን ምሽትም አልነገርኩትም።

በነሐሴ እናቴ አዲስ አበባ ተቀበለችንና ሦስታችን ሆስፒታል ገባን። እዚያ ያለችው ሐኪም ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ቀኙ አልቋል አለች። በግራው የቀረው ጠባብ ነው፤ እሱን ለማቆየት ትሠራዋለች፣ ሰፋ የሚል ነገር ግን የለም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ “በግንቦት ቀጠሮ ነበራችሁ። ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?” ብላ ጠየቀች።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ” አላት አባቴ ሐኪሟን። “ሥራ ይዤ ነበር።”

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቴ ከኋላችን እንቅልፍ ወስዷታል። አዳማን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ “ደራ ደረስን?” አለኝ። አዎ አልኩት። “ጅረቱ ሞልቷል?” አለኝ። በመስኮቱ አየሁ፤ ድፍርስ ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ይወርዳል። እንደሞላ ነገርኩት። “መስከረም ይጎድላል” አለና እጄን ያዘ። “ግድ የለም፣ አንቺ ታይልኛለሽ።”

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ወርቅ እንዳልነበረ፣ ቀለበቱ እንደተበላ፣ አሲዱን፣ ሁሉንም እዚያው ነገርኩት። ስጨርስ ስለ ወርቁ አንዲት ነገር አልጠየቀኝም።

“መቼ ነው ያወቅሽው?” አለ።

“ግንቦት ውስጥ።”

“ከቀጠሮው በፊት ነው በኋላ?”

“በፊት።”

እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ኢተያ ልንደርስ ስንል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለእናትሽ እንዳትነግሪያት” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም። ፊቱንም ወደ ግድግዳ አላዞረም፤ ያ ሁሉ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር። ጠዋት ይነሳል፣ ደጅ ይቀመጣል፣ ከጎረቤት ጋር ይጫወታል። ጠብታውንም የማደርግለት እኔ ነኝ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰጠኛል፣ ሲያበቃ “ተባረኪ” ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ከዕድር አንድ ወረቀት መጣለት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ወረቀቱን ዳሰሰው፣ በአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ ነው፤ ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ እየተሳሳተች፣ ወደኋላ እየተመለሰች አነበበችለት፤ እሱም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጣት።